በሸዋ ሮቢት አካባቢ ከአልጌ ዘይት ለማውጣት የታሰበ የሙከራ ማምረቻ፦ ስፋቱ፣ ቦታውና ቅደም ተከተሉ

ቀወት ሜዳ (የውይይት ክሩን የከፈተው)

ጤና ይስጥልኝ። የሜካኒካል ምህንድስናና የባዮሎጂ ምሩቃን የሆንን ጥቂት ሰዎች በሰሜን ሸዋ ዞን ከአልጌ (ውሃ ውስጥ ከሚበቅል፣ በዓይን ከማይለይ ደቃቅ አረንጓዴ ነገር) የነዳጅ ዘይት የሚያወጣ አነስተኛ የሙከራ ማምረቻ ለማቋቋም እቅድ እያዘጋጀን ነው። ለቦታው ሁለት አማራጮች ቀርበውልናል። አንደኛው በቀወት ወረዳ፣ ሸዋ ሮቢት አጠገብ ያለ ድንጋያማ ቁራሽ መሬት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር፣ ለፋብሪካዎቹ ቅርብ የሆነ ስፍራ ነው።

በረቂቃችን ላይ 200 ሜትር ካሬ ስፋትና 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ወለሉ ውሃ በማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ (ጂኦመምብሬን) የሚለበስ፣ ውሃው በሚሽከረከር መቅዘፊያ እየተገፋ የሚዞርበት ሞላላ ኩሬ አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት እየተሽከረከረ አልጌውን ከውሃው የሚለይ ማሽን)፣ ማድረቂያ፣ ሄክሳን በተባለ ተቀጣጣይ ፈሳሽ አሟሙቶ ዘይቱን የሚያወጣ መሣሪያና በመጨረሻም ዘይቱን ወደ ባዮዲዝል የሚቀይር ጋን ተሰልፈዋል። ገንዘቡ ለሁሉም እንደማይበቃ እናውቃለን፤ ስለዚህ የትኛውን አስቀድመን የትኛውን እንደምናዘገይ፣ የኩሬው ስፋትም ተገቢ መሆኑን ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብታመለክቱን እናመሰግናለን።

ኬሚስት ከደብረ ብርሃን

እቅዳችሁን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ከመሣሪያ ግዢ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሊሠራ የሚገባው ሒሳብ ስላለ እርሱን አብረን እንሥራው።

ኩሬው በሜትር ካሬ በቀን 12 ግራም ደረቅ አልጌ ይሰጣል እንበል፤ ይህ ለጀማሪ ቸር ግምት ነው። ከ200 ሜትር ካሬ በቀን 2.4 ኪሎ ግራም ይገኛል። ከዚህ ውስጥ ዘይቱ 20 በመቶ ቢሆን 480 ግራም ነው፤ አራት አምስተኛውን ማውጣት ብትችሉ በእጃችሁ የሚገባው 384 ግራም፣ በሊትር ሲለካ ከግማሽ ሊትር በታች ይሆናል። አሁን ደግሞ ይህ አልጌ በምን ያህል ውሃ ውስጥ ተበትኖ እንደሚገኝ ተመልከቱ። በክፍት ኩሬ ውስጥ አንድ ሊትር ውሃ በአብዛኛው ከግማሽ ግራም የበለጠ ደረቅ አልጌ አይይዝም። ስለዚህ ያንን 2.4 ኪሎ ለመሰብሰብ በየቀኑ 4,800 ሊትር፣ ማለትም 24 በርሜል ውሃ መለየት አለባችሁ። ማምረቻውን የሚወስነው የኩሬው ስፋት ወይም የዘይት ማውጫው ሳይሆን ይህ የመለየት ሥራ ነው፤ በእቅዳችሁ ላይ ግን «ሴንትሪፊዩጅ» በሚል አንድ ቃል ታልፏል።

የጉልበቱም ሒሳብ ከዚህ አይሻልም። መቅዘፊያውን የሚያዞረው ሞተር ግማሽ ኪሎ ዋት ቢሆንና ሌሊትና ቀን ቢሠራ በቀን 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። የቀኑ ዘይት የያዘው ጉልበት ግን ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ማድረቂያውም እንዲሁ ነው፤ ከሴንትሪፊዩጅ የሚወጣው ለጥፍ (ውሃ ያዘለ ወፍራም አልጌ) አንድ አምስተኛው ብቻ ደረቅ ነገር ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ደረቅ አልጌ 4 ኪሎ ውሃ ማትነን ያስፈልጋል፤ ይህም ቢያንስ 9 ሜጋ ጁል ይጠይቃል። በዚያው አንድ ኪሎ ውስጥ ያለው ዘይት በሙሉ ቢቃጠል የሚሰጠው 7.4 ሜጋ ጁል ገደማ ነው። በነዳጅ ወይም በኤሌክትሪክ አድርቆ ዘይት ማውጣት እንግዲህ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ይህን የምጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። የሙከራ ማምረቻ ኪሳራ ላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ከእርሱ የሚጠበቀው ምርትም ዘይት ሳይሆን ቁጥር፣ ማለትም የልኬት ውጤት ነው። ነገር ግን የትኛውን ቁጥር እንደምትፈልጉ ሳትወስኑ 200 ሜትር ካሬ ኩሬ ከቆፈራችሁ፣ በየቀኑ 24 በርሜል አረንጓዴ ውሃ የምታስተናግዱበት መንገድ ስታጡ ኩሬው ራሱን በራሱ ያበላሻል።

የሐይቅ ሰው

ከላይ የተጻፈውን ስሌት እቀበላለሁ፤ እኔ በቦታው ምርጫ ላይ ልጨምር።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1996 ድረስ ከአልጌ ነዳጅ ለማውጣት ባካሄዱት ሰፊ የመንግሥት ፕሮግራም ውስጥ፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ሮዝዌል በተባለ ቦታ እያንዳንዳቸው 1,000 ሜትር ካሬ የሆኑ ሁለት ኩሬዎች ሠርተው ነበር። ቦታው ፀሐይ የሞላበት ነው። ለአልጌው ምግብ የሚሆነውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ውሃው ውስጥ አስቀርቶ በመጠቀም ረገድ ከ90 በመቶ በላይ ተሳክቶላቸዋል። ሆኖም የሌሊቱ ቅዝቃዜ ምርቱን ጎትቶት፣ በአንዳንድ ቀናት በሜትር ካሬ እስከ 50 ግራም የሰጠው ኩሬ በዓመት አማካይ ወደ 10 ግራም ወርዷል። ከዚያ ፕሮግራም ውስጥ ለሰሜን ሸዋ የሚጠቅመን ትምህርት በዋናነት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እንዴት እንደሆነ ለዚህ ክር አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ክሎሬላና ሴኔዴስመስ የተባሉት የተለመዱ የጨው አልባ ውሃ አልጌዎች የሚወዱት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያለ ውሃ ነው። ሌሊት ወደ 5 ዲግሪ የወረደ ውሃ ጠዋት ላይ የደጋው ብርቱ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ አልጌው ብርሃኑን ለመጠቀም የሚያስችል ሙቀት ገና ስላላገኘ ብርሃኑ ራሱ ይጎዳዋል። ውሃው እኩለ ቀን ላይ ሲሞቅ የቀኑ ግማሽ አልፏል። ሸዋ ሮቢት በአንጻሩ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ስለሆነች ሌሊቱ አይፈትንም። ስለዚህ ማሳደጊያው ደጋውን ከቆላው ከሚለየው ከጣርማበር ተራራ በታች መሆን አለበት።

ዝርያውን በተመለከተ ከውጭ በውድ ዋጋ የምታስመጡት ዘር በክፍት ኩሬ ውስጥ እንደማይቆይ ከወዲሁ ተቀበሉ። በሮዝዌልም ቢሆን ቤተ ሙከራ ውስጥ ተመርጠው የገቡት ዝርያዎች ኩሬው ውስጥ በአገሬው አልጌ ተሸንፈዋል። ከሮቢ ወንዝ የመስኖ ቦዮችና ከአካባቢው የውሃ ማቆሪያዎች ናሙና ወስዳችሁ፣ እዚያው ያለውን ሙቀትና ውሃ የለመደውን ብታበዙ ይሻላል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለው የአረንጓዴ ሐይቅ ስፒሩሊና የተባለው አልጌ በምርታማነቱ በዓለም የሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ሲጠቀስ ስለኖረ አንዳንዶች ወደ እርሱ ማዘንበላቸው አይቀርም፤ ነገር ግን ስፒሩሊና በዘይት ድሃ ነው፤ በአብዛኛው ከ10 በመቶ አያልፍም። ለምግብነት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጣርማበር

አጭር ጥያቄ አለኝ። መብራት ሲጠፋ መቅዘፊያውን ምን ያዞረዋል? ቀደም ሲል አብሬ በሠራሁበት፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ አንድ ተቋም፣ ተጠባባቂ ጄኔሬተር ሳይገዛ የተተከለ ትንሽ ኩሬ አንድ ሌሊት ከግማሽ ቀን ቆሞ፣ አልጌው ወለሉ ላይ ተኝቶ በሰበሰ። ጠረኑ ለሳምንት አልለቀቀንም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ትንሽ የፀሐይ ኃይል ፓኔልና ባትሪ ለመቅዘፊያው ብቻ እንኳ ቢሆን በመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ።

ከሮቢ ዳር

እኔ ሽንኩርትና ማሾ የማለማ ገበሬ ነኝ፤ ቀድሞም በግብርና ጽሕፈት ቤት ሠርቻለሁ። ስለ ውሃው ያለኝን ስጋት ላቅርብና ወደ ሌላ ጉዳይ እሻገራለሁ።

ከኩሬው በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን ከ200 ሜትር ካሬ 1,000 ሊትር ነው። ሽንኩርትም በተመሳሳይ ስፋት ላይ በሙቀቱ ወራት ከዚህ ብዙም ያነሰ አይጠጣም፤ ስለዚህ በውሃ ፍጆታው ብቻ ጎረቤት አይጣላችሁም። የሚያጣላው ከኩሬው የምትለቁት ውሃ ነው። ጨዋማነቱ እየጨመረ የሚሄደውን ውሃ ወደ መስኖ ቦይ ብትመልሱት ከታች ያለው ገበሬ ዝም አይልም፤ ከውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበሩ ጋር መነጋገር የሚገባው ቁፋሮ ሳይጀመር ነው።

ሌላው ማዳበሪያ ነው። ደረቅ አልጌ በክብደቱ 7 በመቶ ያህል ናይትሮጅን ይይዛል ሲባል አንብቤ እኔም እንደ ኬሚስቱ ሒሳብ ሠራሁ። በሄክታር በዓመት 40 ቶን አልጌ ቢመረት 2.8 ቶን ናይትሮጅን ይወስዳል፤ ይህም በዩሪያ 60 ኩንታል ማለት ነው። ገበሬው ለአንድ ሄክታር ሁለት ኩንታል ዩሪያ ለማግኘት ወረፋ በሚይዝበት አገር፣ 60 ኩንታል አፍስሶ ነዳጅ እናመርታለን የሚል ሐሳብ በወረዳው ፊት መቆም የሚችል አይመስለኝም። የጃትሮፋው (ፍሬው ዘይት የሚሰጠው ቁጥቋጦ) ጊዜ አይዘነጋንም። እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ ሲወጣ ጃትሮፋና ጉሎ ነዳጅ ይሆናሉ ተብሎ ብዙ መሬት ተወስዶ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ቀወት ሜዳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የማዳበሪያው ስሌትዎ በቡድናችን ውስጥ ረጅም ክርክር አስነሥቷል። ናይትሮጅኑን ከዩሪያ ሳይሆን ከባዮጋዝ ዝቃጭ (ጋዙ ከወጣ በኋላ ከሚቀረው የእበት ፈሳሽ) ወይም ከፍሳሽ ማግኘት ይቻል እንደሆነ እያየን ነው።

ሁለት ነገሮች ግን አልተፈቱልንም። የመጀመሪያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሙቀቱ ሸዋ ሮቢት፣ ጋዙ ደግሞ ይህንኑ ጋዝ የሚያወጣ ቢራ ፋብሪካ ያለባት ደብረ ብርሃን ነው። ከአባሎቻችን አንዱ በመስከረም 2017 ዓ.ም. በእንሳሮ ወረዳ የተመረቀውን የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ አስታውሶ፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ጋዝ ከሥሩ ባለው ሞቃታማው የጀማ ሸለቆ ውስጥ ብንጠቀምበትስ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ሁለተኛው፣ ዘይቱን በየት ቦታና በምን እናውጣው የሚለው ነው።

ኬሚስት ከደብረ ብርሃን

የለሚው ሐሳብ በሒደት የሚታይ ነው እንጂ የሚናቅ አይደለም፤ ሲሚንቶ ሲመረት ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከኖራ ድንጋዩ ራሱ ስለሚመጣ፣ ፋብሪካው ነዳጁን ቢቀይርም እንኳ ጋዙ አይቀርም። ነገር ግን ጭሱን አቀዝቅዞ፣ አቧራውንና ሰልፈሩን አጣርቶ ከአምባው እስከ ሸለቆው በቧንቧ ማውረድ ለሙከራ ደረጃ የሚሆን ሥራ አይደለም። እስቲ የሚያስፈልጋችሁን መጠን እንየው። አንድ ኪሎ ደረቅ አልጌ ለመሥራት 1.8 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፤ ለ2.4 ኪሎ 4.3 ኪሎ ነው። ጥልቀት ከሌለው ኩሬ ግማሹ ወደ አየር ቢያመልጥ በቀን 9 ኪሎ ገደማ ትፈልጋላችሁ፤ 30 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር ሦስት ቀን ያህል ይሄዳል። ጋዙ የሚገባበትን ቦታ አንድ ሜትር ያህል አዘቅዝቃችሁ ብትሠሩትና መክፈቻውን በፒኤች (የውሃው አሲድነት ወይም አልካሊነት) መለኪያ ብታሠሩት፣ ማለትም ፒኤች ከ8 ሲያልፍ ብቻ እንዲከፈትና ሌሊት እንዲዘጋ ብታደርጉ ብክነቱ በጣም ይቀንሳል። ሌሊት አልጌው ጋዝ ያወጣል እንጂ አይወስድም።

የዘይት ማውጫውን በተመለከተ አስተያየቴ ጠንከር ያለ ነው፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ አትግዙት። ሄክሳን ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ላይ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል። ተኑ ከአየር ሦስት እጥፍ ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ ሄዶ፣ በአየር ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ትንሽ ሲያልፍ በአንድ የማብሪያ ማጥፊያ ብልጭታ ይፈነዳል። ለዚህ ሥራ የተለየ ሞተር፣ የተለየ የኤሌክትሪክ መስመርና ጎኖቹ ክፍት የሆኑ መጠለያ ያስፈልጋል። በቀን የምታገኙት ለጥፍ 12 ኪሎ ብቻ ከሆነ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ደብረ ብርሃን አውጥታችሁ ብቁ ቤተ ሙከራ ባለው ተቋም በስምምነት ብታሠሩት ርካሽም ደህንነቱ የተጠበቀም ይሆናል። የደጋው ከፍታም ያግዛችኋል፤ በባሕር ጠለል በ69 ዲግሪ የሚፈላው ሄክሳን ደብረ ብርሃን ላይ ከ60 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ተኑን መልሶ ፈሳሽ የሚያደርገውም የቧንቧ ውሃ እዚህ ቀዝቃዛ ስለሆነ የሚባክነው ሄክሳን ጥቂት ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለጥፉን በቆላው ሙቀት እንዳለ ካስቀመጣችሁት፣ በአልጌው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ዘይቱን ወደ ነፃ የቅባት አሲድ ይሰባብሩታል። የእነዚህ አሲዶች መጠን ከ2 በመቶ ገደማ ካለፈ በኋላ በሜታኖልና በኮስቲክ ሶዳ ባዮዲዝል ልሥራ ብትሉ የሚወጣላችሁ ሳሙና ነው። ስለዚህ ከሄክሳን መሣሪያው ይልቅ ማቀዝቀዣ ሣጥን አስቀድሙ።

ደግሞም የምትመዝኑትን እወቁ። ከአልጌ በሄክሳን የሚወጣው ነገር የምግብ ዘይት አይመስልም፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ዝቃጭ ነው። በውስጡ ክሎሮፊልና ወደ ባዮዲዝል የማይቀየሩ ሌሎች ቅባቶች አሉበት። «20 በመቶ ዘይት አገኘን» የሚል ዘገባ በሚዛን ብቻ የተለካ ከሆነ አትመኑት። ወደ ሜቲል ኤስተር፣ ማለትም ወደ ባዮዲዝልነት የተቀየረው ስንት እንደሆነ ጋዝ ክሮማቶግራፊ በተባለ የቤተ ሙከራ መለኪያ አስለኩ።

የሐይቅ ሰው

በዚሁ ላይ ዘይቱን ለማብዛት ናይትሮጅን መንፈግ የሚለው ዘዴ እንዳያታልላችሁ እጨምራለሁ። እውነት ነው፤ የተራበ አልጌ ዘይት ያጠራቅማል። ይሁን እንጂ እድገቱን ስለሚያቆም በሜትር ካሬ የሚሰጠው ዘይት በአብዛኛው አይጨምርም፤ አንዳንዴም ይቀንሳል። የምትዘግቡት ቁጥር የመቶኛ ሳይሆን በሜትር ካሬ በቀን የሚገኝ የግራም ዘይት ይሁን።

ጣርማበር

ስለ መለየቱ ሥራ የተነሣው ነጥብ በቂ ትኩረት አላገኘም፤ እኔ በእጄ የሠራሁትን ልግለጽ። አንድ አንድ ሊትር አረንጓዴ ውሃ በስድስት ብርጭቆ ጣሳዎች ቀድታችሁ፣ በእያንዳንዱ የተለያየ መጠን አልም (ውሃ ማጥሪያ ጨው) ጨምራችሁ፣ ለአንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያም ለ15 ደቂቃ በዝግታ አማስሉት። በትክክለኛው መጠን ላይ ውሃው መጀመሪያ ይደፈርሳል፤ ከዚያ ቁራጭ ቁራጭ እየሆነ ይያያዛል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከላይ ጠርቶ አረንጓዴው ከታች ይቀመጣል። ይህን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ውስጥ ካደረጋችሁት ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ አልጌው የሚያወጣው ኦክስጅን በቁራጮቹ ውስጥ በአረፋ መልክ ተይዞ ሁሉንም ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል። በማለዳ ከሆነ አዝቅጡ፣ በቀትር ከሆነ ከላይ ግፈፉ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ አትሞክሩ። የአልሙ ጉዳቱ ከአልጌው ጋር ተቀላቅሎ መቅረቱ ነው፤ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ለከብት መኖ ለማዋል ያሰበ ሰው የሽፈራውን ፍሬ ይሞክር። ውሃ ለማጥራት በአገራችን የታወቀ ነው፤ መጠኑ ግን ከአልም ይልቅ ብዙ ይፈልጋል።

በዚህ መንገድ 100 ሊትሩ ወደ ጥቂት ሊትር ካነሰ በኋላ፣ የቀረውን በጥብቅ ሸማ ማጥለል ይቻላል። ሴንትሪፊዩጅ የሚያስፈልገው ያኔ ነው፤ እርሱም ትንሽ።

ቀወት ሜዳ

ከቡድኑ ጋር ተወያይተን እቅዱን እንደሚከተለው ለውጠነዋል። የ200 ሜትር ካሬው ኩሬ ለሁለተኛው ምዕራፍ ተላልፏል። በመጀመሪያው ምዕራፍ በሸዋ ሮቢት ጎን ለጎን ሁለት ኩሬዎች፣ እያንዳንዳቸው 10 ሜትር ካሬ፣ ይሠራሉ። ከአንዱ በቀን የምናነሣው ውሃ 240 ሊትር ብቻ ስለሚሆን በሁለት ሰው ጉልበት ይለያል። መቅዘፊያዎቹ ከባትሪ ጋር በተያያዘ የፀሐይ ኃይል ይሠራሉ። በአንደኛው ኩሬ ዩሪያና ኤንፒኤስ የተባሉትን ማዳበሪያዎች፣ በሁለተኛው የባዮጋዝ ዝቃጭ እንጠቀማለን። የዘይት ማውጣቱ ሥራ ደብረ ብርሃን ላይ በስምምነት ይከናወናል። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ድረስ ሦስት ቁጥሮችን ብቻ እንመዘግባለን፦ በሜትር ካሬ በቀን የተገኘ ደረቅ አልጌ፣ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ለመለየት የወጣ ጉልበትና በሜቲል ኤስተር የተለካ ዘይት። ሐምሌና ነሐሴን ሆን ብለን ትተናል፤ አንድ ብርቱ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን ኩሬ ከመቶ 12 እጅ ስለሚያቀጥነው፣ የክረምቱን ሁኔታ ለየብቻ ማጥናት ይሻላል።

የቀረን የባዮጋዝ ዝቃጩ ጉዳይ ነው። ዝቃጩ ጥቁር ስለሆነ ብርሃን ይከለክላል የሚል ስጋት አለን። ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?

ከሮቢ ዳር

የእኔው የባዮጋዝ ጉድጓድ በሁለት ላሞች እበት የሚሠራ ነው፤ ዝቃጩን ለሽንኩርቱ ከምወስደው ላይ ለአሥር ሜትር ካሬ ኩሬ የሚበቃውን ማካፈል አይከብደኝም። ስለ ብርሃኑ ግን ኬሚስቱ ይመልስ። ኩሬውን ዙሪያውን በእሾህ ማጠሩንም አትርሱ፤ በበጋው ወራት ውሃ የሸተተው ከብት ጂኦመምብሬን አያውቅም።

ኬሚስት ከደብረ ብርሃን

ዝቃጩ በበርሜል ውስጥ ለሁለት ቀን ይቀመጥና ከላይ የጠለለው ብቻ ይወሰድ። የኩሬው ውሃ ሃያ እጅ ሆኖ ዝቃጩ ከአንድ እጅ እንዳይበልጥ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ነጭ ሳህን በ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ውሃው ውስጥ ይዛችሁ ካልታየ አልጌውን ሳይሆን ቀለሙን እያበዛችሁ ነው። የአሞኒያውን መጠን በመፈተሻ ወረቀት ተከታተሉ፤ ፒኤች 9 ካለፈ አሞኒያው ወደ መርዛማው መልኩ ስለሚያዘነብል አልጌውን ራሱን ይጎዳል። ዝቃጩንም ጠዋት ላይ ጨምሩ እንጂ ማታ አትጨምሩ፤ ባክቴሪያዎቹ ሌሊት ኦክስጅኑን ሲጨርሱ የሚተካ ፀሐይ የለም።

የመጀመሪያውን ናሙና በጥቅምት አጋማሽ ካመጣችሁ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቦታ እይዝላችኋለሁ። ዕቃው ላይ የተወሰደበት ሰዓትና የኩሬው ሙቀት ተጽፎ ይምጣ።